በብርሃኑ ክብ ውስጥ

«ሥጋዬ እንዴት ዋለች?»

ከሥራ ስመለስ እታለም ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ የምትጠይቀኝ ይህንን ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። የቤታችን የፊት ክፍል መሥሪያዋ ስለሆነ ከደጅ ወደ ጓዳ የሚዘልቅ ሰው ሁሉ በስፌት መኪናዋና እጅጌ ገና ባልተገጠመላቸው ቀሚሶች መካከል ሹልክ ብሎ ማለፍ አለበት። አባትና እናታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ የላከኝ ያ መኪና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ደህና ናት፤ በልታ ጠጥታ ተኝታለች» እላታለሁ።

«ምን አበላሃት?»

«ስኳር፣ ጨው፣ ቫይታሚን።»

«አየህ! እኔ እዚህ የትናንት ዳቦ እየቆረጠምኩ፣ ቁራጬ እዚያ በቫይታሚን ትንደላቀቅልኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የማጠናው የሰው ቆዳ ሴሎችን ነው። ቁስሏ አልድን ያላት አንዲት ሴት አለች፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ወራት ይፈጅባታል። ሐኪሟ ከክንዷ ምስር የምታህል ቁራጭ ቆዳ ወስዶ ወደ ቤተ ሙከራችን ላከ። ስሟን አናውቅም፤ የመጣችው በቁጥር ነው። ዕድሜዋ ብቻ ተጽፎ ነበር፤ የእህቴ እኩያ ናት። የታመመውን ከጤነኛው ጋር ሳያስተያዩ ምንም ማለት አይቻልምና፣ በዚያ ዕድሜ ያለች ጤነኛ ሴት ስናፈላልግ እታለም እጅጌዋን ጠቅልላ መጣች። ማደንዘዣ ሊወጓት ሲሉ «እኔ መርፌ ሲወጋኝ የምውል ሰው ነኝ፤ ምን አስለፋችሁ?» አለቻቸው። ፈርማ ሰጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቁራጭ ዘመድ ቤት እንደላከቻት ልጅ ትጠይቃለች።

«ያቺ ሴትዮስ?» ትለኛለች ቀጥላ። ይህንንም ረስታ አታውቅም።

«እሷም አለች።»

ቁስል የሚድነው ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ሴሎች እየተከፈሉ ክፍተቱን ሲሞሉት ነው። እያንዳንዱ ሴል ራሱን ለሁለት ይከፍላል፤ ሁለቱ ደግሞ እንደገና። ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነበር፤ የዚህች ሴት ሴሎች ይከፈላሉ ወይስ አይከፈሉም? እኔ የሁለት ዓመት ሥራዬንና መመረቂያዬን የመሠረትኩት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው።

ማይክሮስኮፑ ያለው ምድር ቤት ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ጥቁር ተቀብቷል፤ ጠረጴዛው አየር በተሞላ እግር ላይ ስለቆመ ውጭ ከባድ መኪና ቢያልፍ እንኳ አይነቃነቅም። የክፍሉ ኃላፊ በብርሃን ጥናት ዶክተር የሆኑ ሴት ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ መነጽራቸውን በገመድ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «አጥፉት!» ይላሉ፤ የኮሪደሩን መብራት ማለታቸው ነው። በዚህ የተነሣ ከጀርባቸው ስማቸው «አጥፉት» ሆኖ ቀርቷል። ያውቃሉ። «ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው አሉ» ይላሉ፤ ፕሮፌሰራችንን ማለታቸው ነው።

አጥፉት መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማየት አልነበረም፤ ብርሃን ማስተካከል ነበር። የመብራቱን ቀዳዳ ማጥበብ፣ የምትቀረውን ትንሽ ብሩህ ክብ ጠርዟ ቁልጭ እስኪል ማጥራት፣ ወደ መሐል ማምጣት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ እስከ ዕይታው ዳር ብቻ መልሶ መክፈት። ይህንን ቀኑን ሙሉ አሠሩኝ። ስሰለች ያውቁብኛል። «ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር ልታይ ነው የመጣኸው፤ ብርሃንህ ከተንጋደደ የምታየው የራስህን መንጋደድ ነው» ይሉኛል። ሌንስ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ያገኙትን አንድ ተማሪ «አንተ፣ ዐይንህንም በአሸዋ ወረቀት ነው የምታሸው?» ያሉት እስከ ዛሬ ይወራል።

ካሜራውን ያስተማሩኝ ደግሞ በውሃ ብርጭቆ ነው። ከጆግ እየቀዱ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ ድረስ ጨመሩበት።

«ስንት ጨመርኩ?»

«ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላማ በምን ይታወቃል?»

«ካሜራውም አያውቅም። ከልክ በላይ በርቶ ነጭ የሆነ ቦታ ሁሉ የሞላ ብርጭቆ ነው። ያምራል፤ ግን ውስጡ ምንም ወሬ የለም።»

የእታለምን ሴሎች መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ዲሹን፣ ሴሎቹ የሚያድጉበትን ጠፍጣፋ ሳህን፣ ሳስቀምጠው ጥርት ካለ ቀላ ያለ ውሃ በቀር ምንም የለበትም። ዐይኔን ሳሳርፍ ግን ከዚያ ባዶ ውሃ ሥር አንድ ሕዝብ ተነሣ። ረዣዥሞች፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ጎን ለጎን የተጋደሙ። በሆዳቸው ውስጥ ደቃቅ ፍንጣቂዎች ጉዳይ እንዳለው ሰው ወዲያና ወዲህ ይጣደፋሉ። አንዱ ሴል ጫፉን ዘርግቶ ጎረቤቱን ነካ፤ ይቅርታ እንደ ጠየቀ ሰው መልሶ ሰበሰበው። እነዚያ መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ የከተቱ፣ ትኩሳቴን ግንባሬ ላይ የለኩ እጆች ከዚህ የተሠሩ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ለካ ትንፋሼን ይዤው ኖሯል። አጥፉት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ተንፍስ እንጂ ልጄ፤ እሷም እየተነፈሰች ነው» አሉኝ።

ሴል ሊከፈል ሲል በውስጡ ያለው የውርስ ክር ተጠቅልሎ ይወፍርና መሐል ላይ ይሰለፋል፤ ከዚያ እኩል ለሁለት ተለያይቶ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ክሮቹ ቁልጭ ብለው እንዲታዩኝ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ቀለም ሰጠኋቸው። የእታለም ሴሎች ቀለሙን ጥሩ አድርገው ያዙ። የሴትየዋ ግን በስሱ ብቻ ነበር የተቀቡት፤ ክሮቹ ደብዝዘው አላስደሰቱኝም። ስለዚህ ለእሷ መብራቱን አጠነከርኩ፤ ካሜራው ዐይኑን የሚከፍትበትንም ጊዜ አረዘምኩ። በሁለቱ ፊልሞች ላይ ክሮቹ እኩል ብሩህ ሆኑ። በእኔ ቤት ሁለቱን ሴቶች እኩል አየኋቸው ማለት ነበር።

በእታለም ፊልም ላይ ክሮቹ ይሰለፋሉ፣ ጥቂት ይቆያሉ፣ ይለያያሉ። በሴትየዋ ፊልም ላይ ግን ይሰለፉና ይቀራሉ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ያው ነው። በጥቁር ሜዳ መሐል አንዲት የብርሃን መስመር፣ የተደረደረ ዶቃ የመሰለች፣ የማትነቃነቅ። በሌላ ዲሽ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ፕሮፌሰሩ ፊልሙን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። ከጎረቤት ቤተ ሙከራ ሰው ጠሩ። «ይኸውላችሁ!» አሉ፤ «ቁስሏ የማይድነው ለዚህ ነው። ሴሏ በሩ ድረስ ደርሶ መውጣት አቃተው።» ወደ እኔ ዞረው «በል፣ መመረቂያህን አገኘህ» አሉኝ። አጥፉትም አይተው «እሰይ፣ ጥርት ያለ ነው» ብለውኝ ነበር።

ዓርብ ስብሰባ ተጠራ። የሴትየዋ ሐኪም ሊመጣ፣ ፊልሙን ሊያይ፣ መልሱን ይዞ ወደ እሷ ሊሄድ ነው። ሴሎችሽ መከፈል አይችሉም ሊላት ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለንግግሬ መክፈቻ የሚሆን አንድ ሰፊ ምስል ፈለግሁ። የሴትየዋ ዲሽ ቀረጻውን ጨርሶ ገና ከማይክሮስኮፑ ላይ አልተነሣም። የምሠራበትን ትልቁን ሌንስ አዙሬ፣ ዝቅተኛውን፣ ሰፊ አገር የሚያሳየውን አመጣሁ። ሰማያዊውን ብርሃን አጥፍቼ ተራውን አምፖል በጣም አደብዝዤ አበራሁ። ዐይኔን አሳረፍኩ።

መጀመሪያ ሌንሱ የቆሸሸ መሰለኝ። በሜዳው መሐል አንድ ክብ ነበር፤ ፍጹም ክብ፤ በኮምፓስ የተሠመረ ይመስላል። በክቡ ውስጥ ሴሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ተኮማትረው እንደ ጠጠር ድቡልቡል ብለው ቆመዋል። ከክቡ ውጭ ግን እግር መጣያ የለም። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ገና አሁን የተለያዩ፣ ፊት ለፊት እንደሚተያዩ መንትዮች፤ አልፈው ሄደው አራት የሆኑ፤ ተጠጋግተው፣ ተዛዝለው፣ እስከ ዲሹ ዳር። ሌንሱን አወለወልኩ፤ ክቡ አለ። ዲሹን ትንሽ ገፋ አደረግሁት፤ ክቡ አብሮ ሄደ። ቆሻሻው ሌንሱ ላይ አይደለም። ክቡ ከሴሎቹ ጋር ነው።

ሰማያዊው ብርሃን ሲያርፍበት የዋለው ቦታ ነበር።

«እትዬ» አልኩ ወደ አጥፉት ዞሬ፤ «እስቲ አንዴ ይምጡ።»

መጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሳረፉ። ደጋግመው አዩት። እጃቸው ሄዶ አምፖሉን አጠፋው። ከዚያ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔም ፊልሙን አይቼ እሰይ ብዬህ ነበር» አሉ። «ክሩን ሳይ መብራቱን ረሳሁት። ስንት ላይ እንዳደረግኸው እንኳ አልጠየቅሁህም።»

«የቆሙት እኔ ስላየኋቸው ነው?»

«ባበራህባቸው ብርሃን ነው። ያየሃቸው ቆሙ፤ ያላየሃቸው ኑሯቸውን ቀጠሉ።»

ስለ ውጤቴ ማዘን የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አዝኜም ነበር። ግን ከሐዘኑ በላይ የሆነ ነገር ያዘኝ። ብርሃን ማለት ለእኔ ምንም ነበር፤ በመስኮት የሚገባ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ፣ ክብደት የሌለው። እነሆ ለዚያች ትንሽ ፍጥረት ግን ድንጋይ ነው፤ የተሰለፈ ክር ባለበት ደርቆ እስኪቀር ይከብዳል። ከክቡ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሆን፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ራቅ ብላ ያለችው ጎረቤቷ ደግሞ ምንም ሳይነካት ልጆች ወልዳለች።

«መገመት አይበቃም» አሉ አጥፉት ተነሥተው። «እህትህን በዚያው ብርሃን እያት።»

ረቡዕ አየኋት። ለሴትየዋ የተጠቀምኩበትን ብርሃን፣ ያንኑ ጥንካሬ፣ ያንኑ የጊዜ ርዝመት በእታለም ሴሎች ላይ አሳረፍኩ። ክሮቹ ተሰለፉ። ቆሙ። እዚያው ቀሩ። ወጥቼ ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። «ስብሰባው ዓርብ ነው፤ እንግዳ ጠርቻለሁ፤ አሁን ነው የምትነግረኝ?» አሉ። ከዚያ የክቡን ምስል ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አንገታቸውን ደፍተው ሲመለከቱት ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ። «ይህን ሳላይ ነው በሩ ድረስ ደርሶ ያልኩት» አሉ። በመጨረሻም «ዓርብ ባዶ እጃችንን አንቀርብም። አንድ ቀን አለህ» አሉኝ።

ማታ ቤት ስገባ የስፌት መኪናው ይንገጫገጫል።

«ሥጋዬ እንዴት ዋለች?»

«ዛሬ ገደልኳት።»

መኪናው ቀጥ አለ። «ምን አልክ አንተ?»

ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስለ ቀለሙም፣ ስለ መብራቱም፣ ስለ ክቡም።

«እሺ እሷስ ባለማወቅ ነው። እኔን ዛሬ እያወቅህ የመታኸኝ ምን በድዬህ ነው?»

«ለማወቅ ነው እታለም። ጤነኛዋ አንቺ በዚያ ብርሃን ከቆምሽ፣ እሷን ያቆማት በሽታዋ ነው ማለት አልችልም።»

«እና ቆምኩ?»

«ቆምሽ።»

ትንሽ አሰበች። «ደግ አደረግሁ» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። «ደንበኛ አፍንጫዬ ላይ ቆሞ ሲያፈጥብኝ እኔስ መቼ የመርፌ ቀዳዳው ይታየኛል! ሥጋዬም እንደኔ ናት ለካ።»

«ሁለት ዓመቴ ግን ገደል ገባ» አልኳት። ይህንን ስል ሳቋን አቆመች። ጭኗ ላይ የነበረውን ኮት አነሣችና አሳየችኝ፤ እጅጌው አንዱ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። «ይሄን ዛሬ ጨርሼ፣ ተኩሼ፣ መስቀያ ላይ ከሰቀልኩት በኋላ ነው ግራውን በቀኝ እንደ ገጠምኩት ያየሁት። አልቅሼልሃለሁ። ሰውየው ነገ ይወስደዋል።» መተርተሯን ቀጠለች፤ ክሩን አንድ በአንድ፣ ጨርቁን ሳታቆስል። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ። «ያቺ ሴትዮስ? ነግረዋት ነበር እንዴ?»

«አይ። ዓርብ ነው።»

«እንግዲያውስ ደርሰሃል። ነገ ምሳህን ይዤ ልምጣ? ከሞትኩ አይቀር መቃብሬን ልየው።»

ሐሙስ ጠዋት አጥፉት ከእኔ ቀድመው ገብተው ነበር። ሰማያዊውን መብራት ከነገመዱ ነቅለውታል። «ቀለም የለም፤ ኃይለኛ ብርሃን የለም» አሉኝ። «በጥላ ነው የምናየው።»

ሕያው ሴል እንደ መስታወት ነው፤ ብርሃን ሳይደበዝዝ ያልፍበታል። ሲያልፍ ግን እጅግ በጣም ጥቂት ይዘገያል። ዐይን መዘግየትን አያይም። በሌንሱ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ቀለበት ግን ያንን መዘግየት ወደ ጥላ ትለውጠዋለች፤ የዘገየው ይጠቁራል፣ ያልዘገየው ይነጣል። ይህንን በክፍል ተምሬ ለፈተና ጽፌዋለሁ። ጣቴ የማይክሮስኮፑ ማስተካከያ ብሎን ላይ ሆኖ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው። ብርሃን ከምንም ነገር በላይ ፈጣን ነው እንላለን፤ እዚህ ግን አንዲት የማትታይ ነፍስ መንገዱ ላይ ቆማ ትንሽ ታቆየዋለች፤ እኛም ያንን መቆየት እናያለን። ምስሉ ግራጫ ነው። ማንም ግድግዳው ላይ አይሰቅለውም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርሃኑ መሐል ላይ በትክክል መቀመጥ። ያ ያሰለቸኝ ትምህርት ለዚህ ነበር። ጠበብ አደረግሁ፣ አጠራሁ፣ ወደ መሐል አመጣሁ፣ ከፈትኩ። አምፖሉም ካሜራው ሲያነሣ ብቻ ብልጭ ብሎ እንዲጠፋ አደረግን።

አጥፉት ሁለት አዲስ ዲሾች አዘጋጁ፤ የእታለምና የሴትየዋ። እኔን ከክፍሉ አስወጡኝና በየዲሹ ላይ የነበረውን ጽሑፍ አንዱን በቢጫ፣ ሌላውን በሰማያዊ ፕላስተር ሸፈኑት።

«ለምን ይሸፍኑብኛል? አላምን አሉኝ?»

«አንተንማ አምንሃለሁ። ዐይንህ ግን አሁን ይመኛል። የሚመኝ ዐይን ያላየውን ይቆጥራል።»

ከሁለቱም ሴቶች ደግሞ ሌላ ዲሽ ሴሎቹ በሚያድጉበት ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ፣ ብርሃን ጭራሽ ሳይነካው፣ እስከ መጨረሻው ሳይታይ እንዲቆይ አደረጉ።

እታለም በምሳ ሰዓት መጣች። በሩን ስትከፍት ከውስጥ «አጥፉት!» የሚል ድምፅ ተቀበላት። «ምኑን?» አለች ደንግጣ፣ ምሳ ዕቃውን ደረቷ ላይ ይዛ። ገብታ ጨለማውን እስክትለምድ ድረስ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከዚያ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ስክሪኑ ላይ ቢጫው ዲሽ ነበር።

«ይሄ ጭስ ነው ሥጋ?»

«ቆይ፤ ዐይንሽ ይልመድ። ያቺን እይ፤ ያቺ ከመሐል ወደ ግራ ያለችው።»

ያቺ ሴል እግሮቿን መሰብሰብ ጀምራ ነበር። ረጅም የነበረችው ከሁለቱም ጫፍ ራሷን እየሳበች፣ እየተጠቀለለች፣ ክብ ሆነች፤ ጠርዟ እንደ ብርሃን ቀለበት በራ። በሆዷ ውስጥ ይጣደፉ የነበሩት ፍንጣቂዎች መንገድ ለቀው ወደ ዳር ተሰበሰቡ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚነሣ እንግዳ። መሐሉ ባዶ ሆነ። ከባዶው ውስጥ አንዲት ግራጫ ጥላ ቀስ በቀስ ወጣች፤ ደብዛዛ፣ አጭር፣ ቀጥ ያለች መስመር።

ተሰልፈዋል።

ይህችን መስመር አውቃታለሁ። ሳምንታት ሙሉ ያየሁት እሷን ነው፤ ሳትነቃነቅ። አሁንም ቆመች። አዲስ ምስል መጣ፤ ቆማለች። ሌላ መጣ፤ ቆማለች። አጥፉት ከኋላዬ ቆመው መነጽራቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩታል፤ ገመዱ መነጽሩን ሲመታ ይሰማኛል። እታለም የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

መስመሯ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ፣ ገመድ ጉተታ ላይ እንዳሉ ሰዎች። ከዚያ የመነጽሩ ገመድ ድምፅ ቆመ። በአንዱ ምስል አንዲት መስመር ነበረች፤ በሚቀጥለው ሁለት ናቸው። መካከላቸው ቀጭን ብርሃን ገባ። እየራቁ ሄዱ፤ እኩል፣ ያለ ችኮላ፣ አንዷ ወደዚህ ሌላዋ ወደዚያ። ያቺ ክብ ሴል ረዘመች፤ ወገቧ ገባ፤ ገባ፤ ሁለቱ ጫፎቿ ሊፈላ እንደ ጀመረ ውሃ ይንፈቀፈቁ ጀመር። በመጨረሻ መካከላቸው አንድ ክር ብቻ ቀረ። ሁለቱ እግር አወጡ፤ ወለሉን ያዙ፤ ተጋደሙ።

ጥግ ላይ ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል።

«ማን አስተማራት?» አለች እታለም በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«አንድም ክር ሳትጥል?»

«አንድም ሳትጥል። አንቺም እዚህ ቁጭ ብለሽ አሁን በመላ ሰውነትሽ ይህንኑ እየሠራሽ ነው።»

እጇን አንሥታ አየችው፤ በስክሪኑ ግራጫ ብርሃን፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ መርፌ የጠቀጠቀውን የሌባ ጣቷን ጫፍ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች። ከዚያ ጠየቀችኝ። «እና ይቺ እኔ ነኝ? ወይስ እሷ ናት?»

«እኔ እንጃ እታለም። ተሸፍኖብኛል።»

ቀና ብላ ወደ ጨለማው «እትዬ፣ እርስዎ አይነግሩኝም?» አለች።

«አልነግርሽም። ወንድምሽ ገና ሌሎቹን ቆጥሮ አልጨረሰም።»

ምሳው ቀዘቀዘ። የቢጫውንም የሰማያዊውንም ቆጠርኩ። በሁለቱም የሚሰለፉት ይለያያሉ፤ የሚቆም አላገኘሁም። ቁጥሬን ለአጥፉት ከሰጠኋቸው በኋላ ማሞቂያው ውስጥ የቆዩትን፣ ብርሃን ያልነካቸውን አወጣን፤ እነሱም በጥንድ በጥንድ ሞልተዋል። ያኔ አጥፉት መነጽራቸውን አደረጉና የቢጫውን ፕላስተር ጫፍ በጥፍራቸው ያዙ። እታለም ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ፕላስተሩ ተላጠ። ከሥሩ ስም አልነበረም፤ ቁጥር ነበር።

«ሴትየዋ ናት» አሉ አጥፉት።

«እሰይ!» አለች እታለም፤ ጮክ ብላ፤ ከዚያ ቦታው ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። «እሰይ የኔ እህት» አለች ቀስ ብላ፣ ለዲሹ።

ዓርብ ዕለት መሰብሰቢያው ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያሳየሁት ክቡን ነው። ያ ያማረው ፊልም እንዴት እንደ ተሠራ፣ ለአንዷ ሴት ለምን ብርሃን እንደ ጨመርኩ፣ የጨመርኩት ብርሃን ምን እንዳደረገ ሳላሳጥር ተናገርኩ። አንድ መምህር «ስለዚህ ውጤት የለህም ማለት ነው?» አሉኝ። «ያሰብኩት ውጤት የለኝም፤ እንደገና እጀምራለሁ» አልኳቸው። ቀላል አልነበረም። ከዚያ ግራጫውን ፊልም አሳየሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ አንዱ ተነሥቶ መብራት አበራ። የሴትየዋ ሐኪም ወጣት ሰው ነው፤ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ታዲያ ምን ልበላት?» አለኝ። «ከአንድ ዓመት በላይ ስትጠብቅ ነበር።»

«ሴሎችሽ ይከፈላሉ በላት። በጨለማም፣ በደካማ ብርሃንም ይከፈላሉ። ቁስልሽ ለምን እንደማይድን ግን ገና አላወቅንም በላት።»

«ይኸው ብቻ?»

«ለዛሬ የማውቀው ይኸው ብቻ ነው።»

ሐኪሙ አንገቱን ነቀነቀ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም። ግድግዳው ላይ የቆመውን የመጨረሻ ምስል ያያል፤ በበራው ክፍል ውስጥ ከነጭ ግድግዳ ብዙም አይለይም።

«እስቲ ድገመው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ደገምኩት፤ ግን በዚያ ሁሉ መብራት ምንም አይታይም። ከኋላ ረድፍ አጥፉት የለመዱትን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከእሳቸው ቀድመው ግን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ተነሡ፤ ኮታቸው ከወንበሮቹ ጋር እየተሻሸ ግድግዳው ድረስ ሄደው ማብሪያውን ተጫኑት። ክፍሉ ጨለመ። ግራጫዋ መስመር ከባዶው ውስጥ ወጣች፤ ቆመች፤ ተንቀጠቀጠች። ወንበር እንኳ አልተንቋቋም።

መስመሯ ሁለት ስትሆን የሐኪሙ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ ተሰማ።

«ይቺ እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አልኩት።